የአንበሳው ቤት ሲቀየር፣ ቀለቡስ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ተረቱ ስለ ኅብረት መሆኑ ይገባናል። ግን እስቲ ለአንድ ቀን ቃል በቃል እንውሰደው። ድር አንበሳ ሲያስር ያየ ማን ነው? እኛ አንበሳ ታስሮ ያየነው በብረት ነው። በብረት ታጥሮ፣ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ፣ በጆሮው ዝንብ እያባረረ። ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ።

የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ከአንበሳ የሚያመልጥ የለም። በአንበሳ አውቶቡስ ተጋፍተን ሄደናል። አንበሳ ጫማ ተጫምተናል። ዘመድ ሲታመም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተኮልኩለናል። ኪሳችን ውስጥ የሚንቀጫቀጨው ሳንቲም ላይ እንኳን አንበሳ አፉን ከፍቶ ያገሳል። ታዲያ ምልክቱን እንዲህ የምንወድ ሰዎች እውነተኛውን አንበሳ እንዴት ያዝነው?

ዛሬ የምናወራው ስለ አንበሳው ቤት ነው። እንስሳት ለሰው የሚታዩበት ቦታ በዓለም ላይም፣ በእኛም አገር ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ከቤተ መንግሥት ወደ ፍርግርግ፣ ከፍርግርግ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ መስታወት። በየዘመኑ አዲስ ፕላን ይወጣል፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ሪባን ይቆረጣል። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ ቤት አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ቀለብ ግን በየቀኑ ነው የሚገዛው። ሰው ስለ ቤቱ ያወራል፣ አንበሳው ግን የሚኖረው በቀለቡ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንበሳ የንጉሥ በነበረበት ዘመን

መጀመሪያ ላይ «የእንስሳት ማሳያ» የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው የንጉሥ ግቢ ነው። አንበሳ ያለው ንጉሥ ነው፣ አንበሳ የሌለው ባላገር ነው፤ ነገሩ ይኸው ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ በ1235 ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሁለተኛ ሦስት ትልልቅ የድመት ዘሮች በስጦታ መጡለት፣ ለንደን ታወር ውስጥም አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ ታወር ውስጥ ለስድስት መቶ ዓመት ያህል እንስሳት ተይዘው ኖረዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተመልካች የሚገባው ወይ ሳንቲም ከፍሎ ነው፣ ወይ ደግሞ ለአንበሶቹ ምግብ የሚሆን ውሻ ወይም ድመት ይዞ መጥቶ ነው። አስቡት፣ የመግቢያ ትኬቱ የጎረቤት ድመት!

ቀልድ ይመስላል፤ ግን ልብ በሉ፣ ጨካኝ ይሁን እንጂ የቀለቡን ጥያቄ በግልጽ የመለሰ አሠራር ነው። ማየት የሚፈልግ ያበላል።

ቪየና ሾንብሩን የሚገኘው የንጉሥ ግቢ በ1752 ተመሠረተ፣ እስከ ዛሬም አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ አብዮቱ ሲፈነዳ ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት የተረፉት እንስሳት በ1793 እና በ1794 ፓሪስ ወደሚገኘው ዣርደን ዴ ፕላንት ተዛወሩ። ንጉሡ በጊዮቲን፣ እንስሳቱ ወደ ሕዝብ መናፈሻ። ከዚህ በኋላ አንበሳ የንጉሥ መሆኑ ቀርቶ «የሕዝብ» ተባለ። ለአንበሳው ግን ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ብረት ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበርንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶች አጠገባቸው አስቀምጠው እንግዳ ይቀበሉ እንደነበር ወደ ግቢያቸው የገቡ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ምኒልክ ደግሞ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። እንስሳው ፓሪስ ደረሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፣ ቆዳው ተሞልቶ ለጥናት ተቀመጠ። በ1882 አንድ ፈረንሳዊ ተመራማሪ መረመረውና ከሌሎቹ የተለየ ዝርያ መሆኑን አወቀ። ስሙንም በፕሬዚዳንቱ ሰየመው። ይኸው እስከ ዛሬ ዓለም በሙሉ ያንን የእኛን የሜዳ አህያ «የግሬቪ» እያለ ይጠራዋል። የላከው ንጉሥ ስሙ ጠፋ፣ የተቀበለው ፕሬዚዳንት ስሙ ቀረ።

ፍርግርጉን ያነሳው ነጋዴ

ዛሬ የምናውቀውን «ዘመናዊ» የእንስሳት ማሳያ የፈጠረው ሳይንቲስት አይደለም፣ የእንስሳት ነጋዴ ነው። ካርል ሃገንቤክ ይባላል፣ የሃምቡርግ ሰው ነው። በ1896 አንድ ሐሳብ ይዞ ፓተንት አወጣ፦ በተመልካችና በእንስሳ መካከል ብረት መቆም የለበትም፤ እንስሳው መዝለል የማይችለው ሰፊ ቦይ ይቆፈር፣ ቦዩም ከተመልካች ዓይን ይደበቅ። በ1907 ሃምቡርግ ውስጥ ስቴሊንገን በተባለ ቦታ ይህንን ሠርቶ ከፈተው። ሕዝቡ ቆሞ ሲመለከት ፊት ለፊት ወፎች፣ ከወፎቹ ጀርባ ሣር በል እንስሳት፣ ከእነሱ ጀርባ አንበሳ፣ ከአንበሳው ጀርባ የሲሚንቶ ተራራ። ብረት የለም! በዚያ ዘመን ይህ ተአምር ነበር። ዛሬ በየትኛውም ትልቅ ከተማ ስትሄዱ አንበሳ በቦይ ማዶ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ካያችሁ፣ የሃገንቤክን ሐሳብ ነው የምታዩት።

እንስሳቱን ከየት አመጣ? ይህ እኛን ይመለከታል። በ1870 ሎሬንዞ ካሳኖቫ የሚባል ጣሊያናዊ ነጋዴ ከምሥራቅ ሱዳን፣ ከእኛ ድንበር ብዙም ከማይርቀው ከካሳላ አካባቢ የተያዙ ዝሆኖች፣ ቀጭኔዎች፣ አንበሶችና ጅቦችን ይዞ ወደ ግብፅ ወረደ። ጭነቱን የገዛው ሃገንቤክ ነው። ከዚያ በኋላም ይህ መስመር ለብዙ ዓመት የአውሮፓን የእንስሳት ማሳያዎች ሲሞላ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ ግልገል ለመያዝ እናቱ ትገደላለች። በረሃውን ተሻግሮ በሕይወት የሚደርሰው ደግሞ ከተያዘው ከፊሉ ብቻ ነው።

ሃገንቤክ እንስሳ ብቻ አላሳየም። ሰውም አሳይቷል። በ1870ዎቹ ከሰሜን አውሮፓ የሳሚ ሰዎችን፣ ቀጥሎም ከዚያው ከሱዳን ወገን «ኑቢያውያን» ብሎ ያመጣቸውን ሰዎች ከግመላቸው ጋር በየከተማው እያዞረ ትኬት ሸጦባቸዋል። በ1906 ደግሞ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ኦታ ቤንጋ የሚባል ኮንጎአዊ ወጣት የዝንጀሮዎች ቤት ውስጥ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ተቋሙ ለዚህ ድርጊት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው። መቶ አሥራ አራት ዓመት!

ይህንን የምናነሳው ታሪክ ለማጨለም አይደለም። ፍርግርጉን ያነሳው ሰውና ሰውን እንደ እንስሳ ያሳየው ሰው አንድ ሰው መሆኑን እንድናይ ነው። የማሳያው ቦታ መልክ ማማር ከውስጡ ካለው ነገር ጋር የግድ አይሄድም። ቦዩ የተሠራው መጀመሪያ ለተመልካች ዓይን ነበር። አንበሳው የሚፈልገውን ጠይቆ የሠራለት ሰው ገና አልመጣም ነበር።

ስድስት ኪሎ፣ 1948

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በ1948 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። መሥራቾቹ ሰባት አንበሶች ነበሩ፣ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው የመጡ። የንጉሡ የማዕረግ ስም «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ስለነበር ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው አንበሳ፣ በለገሀር የቆመው ሐውልትና በስድስት ኪሎ የሚያገሳው አንበሳ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር። ግቢው የተቀመጠውም ያኔ ንጉሡ ይኖሩበት ከነበረው ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ከዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ ነው።

የቤቱ አሠራር ግን የሃገንቤክ አልነበረም፣ ከሃገንቤክ በፊት የነበረው ነው። በክብ የተሰለፉ ክፍሎች፣ ብረት፣ ሲሚንቶ። ተመልካች ዙሪያውን እየዞረ ያያል። አንበሳው ደግሞ መዞሪያ የለውም። ይህ በተሠራበት ጊዜ ሄዲገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የእንስሳት አጥኚ ስለ ምርኮ እንስሳት የጻፈው መጽሐፍ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሄዲገር በ1942 ያለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ጥያቄው የቦታው ስፋት ብቻ አይደለም። እንስሳው ከሰው ዓይን የሚሸሸግበት አለው ወይ? ቀኑን የሚያሳልፍበት ሥራ አለው ወይ? በክብ በተሠራ ቤት ውስጥ መሸሸጊያ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ማዕዘን ለዓይን ክፍት ነው።

በ1974 ሥርዓቱ ተገለበጠ። አብዮቱ መጀመሪያ ከሰንደቅ ዓላማው አንበሳ ላይ ዘውዱን አወረደ፣ ቀጥሎ አንበሳውን ራሱን አነሳ። የሚገርመው ግን በ1977 በወጡት ሳንቲሞች ላይ አንበሳው ተመልሶ መጣ፣ ዘውድ የሌለው የአንበሳ ጭንቅላት ሆኖ። ንጉሡን መጣል ተቻለ፣ አንበሳውን መጣል ግን አልተቻለም። የስድስት ኪሎዎቹም እዚያው ቀጠሉ። ዘር እየተኩ፣ ከሰባት ወደ ሃያ ግድም እየበዙ፣ ከሦስት መንግሥት በላይ እየኖሩ። ቤቱ ግን ያው የ1948ቱ ሆኖ ቀጠለ።

ደቦሎቹ

በኅዳር 2006 ዓለም አቀፍ የዜና ወኪሎች አንድ ዜና አወጡ። የአንበሳ ግቢው አስተዳደር ራሱ እንዳመነው፣ በግቢው የሚወለዱ የአንበሳ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ፣ ሬሳቸውም እንስሳ እየሞሉ ለጌጥ ለሚሸጡ ሰዎች እየተሸጠ ነበር። የአንዱ ዋጋ 170 የአሜሪካ ዶላር ገደማ። ምክንያቱ ምን ተባለ? ቦታም ገንዘብም የለም። ከበር የሚገኘው ገቢ የሥጋውን ወጪ አይችልም።

ብዙ ሰው ተቆጣ። መቆጣት ይገባ ነበር። ግን እስቲ ንዴቱን ገታ አድርገን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ አዋቂ አንበሳ በአማካይ በቀን ቢያንስ አምስት ኪሎ ሥጋ ይፈልጋል እንበል። ሃያ አንበሳ ማለት በቀን አንድ ኩንታል ነው። በዓመት 365 ኩንታል ሥጋ። ሁዳዴ ገባ ብሎ አይቀንስም፣ አንበሳ አይጾምም! ሥጋ ቤቱ ሲወደድ አንበሳው በሽሮ አይተካም። በዚህ ላይ ሴቷ ከሦስት ወር ተኩል ያህል እርግዝና በኋላ ሁለትም ሦስትም አራትም ትወልዳለች። በዱር ቢሆን ከደቦሎቹ ግማሹ እንኳን ለጉልምስና አይደርስም፤ ረሃብ አለ፣ ጅብ አለ፣ አዲስ የመጣ ወንድ አንበሳ አለ። በፍርግርግ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ወንድና ሴቱን ያልለየ፣ ወይም የእርግዝና መከላከያ ያልተጠቀመ ግቢ በየዓመቱ የማይችለውን አፍ ይጨምራል።

እንግዲህ መርዙ የመጣው የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ገጾች አሉ፤ ሳይታቀድ የመጣ ውልደት፣ በትኬት ብቻ እንዲኖር የተተወ ግቢ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያልሰፋ ቤት። መርዙን የሰጠው እጅ ጥፋተኛ ነው። የቀሩትን ገጾች የጻፉት ብዙ እጆች ግን ስማቸው አልተነሳም።

«ይህ የድህነት ነገር ነው» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ኮፐንሃገን እንውሰደው። በየካቲት 2014 የኮፐንሃገን የእንስሳት ማሳያ ማሪየስ የሚባል ጤነኛ ወጣት ቀጭኔ በጥይት ገደለ፣ ሕፃናት ባሉበት በሕዝብ ፊት ገነጠለው፣ ሥጋውንም ለአንበሶች ሰጠ። ምክንያት? የእሱ ዓይነት ዘር በአውሮፓ ማራቢያዎች ውስጥ በበቂ ሁኔታ ስላለ ቦታ መያዝ የለበትም ተባለ። ሌሎች እንውሰደው ብለው ጠይቀው ነበር፣ አልተፈቀደም። ሀብታሙም ድሃውም አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ፦ የተወለደ ቦታ የለውም። ልዩነቱ ኮፐንሃገኖች በአደባባይ ቆመው ምክንያታቸውን ተከራከሩ። የእኛው ግን ዜና እስኪሆን ድረስ በጓዳ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ብርቅዬ

አሁን የታሪኩን ምፀት ስሙ። አዲስ አበባና የጀርመኗ ላይፕዚግ ከ2004 ጀምሮ እህትማማች ከተሞች ናቸው። የላይፕዚግ የእንስሳት ማሳያ፣ እዚያው ከተማ ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋምና የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስድስት ኪሎ አንበሶች ናሙና ወሰዱ። ከ15 አንበሶች፣ ከ8 ወንድና ከ7 ሴት። ውጤቱ በ2012 ወጣ። እነዚህ አንበሶች በዘረ መላቸው ጥናቱ ካነጻጸራቸው ሌሎች አንበሶች ሁሉ ይለያሉ፤ ጥቁሩ ጎፈር፣ ከአንገት ወርዶ ደረትና ሆድ የሚሸፍነው፣ ለዓይን ብቻ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ በጥንቃቄ የሚመራ የማራባት ፕሮግራም እንዲጀመር፣ በዱርም የቀሩ ካሉ እንዲፈለጉ አሳሰቡ።

በ2006 «ትርፍ» የተባለው ደቦል በ2012 «ብርቅዬ» ሆነ። እንስሳው አልተለወጠም። የተለወጠው እኛ ስለ እሱ ያወቅነው ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የሰባት አንበሶች ልጆች ለስድሳ ዓመት እርስ በርስ ሲዋለዱ መቀራረባቸው አይቀርም፣ መለየታቸውም በከፊል ከዚያ ሊመጣ ይችላል። በ2017 የዓለም የድመት ዘር ባለሙያዎች አንበሶችን በሁለት ንዑስ ዝርያ ብቻ ከፈሏቸው፣ የሰሜንና የደቡብ። ሁለቱ የሚገናኙበት አካባቢ ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ «የዓለም ብቸኛ አንበሳ» ብሎ ከበሮ ከመምታት፣ «የሁለት ወንዝ መገናኛ ላይ ያለ አንበሳ» ብሎ መጠበቅ የበለጠ ትርጉም ይሰጣል። ለነገሩ ጥቁር ጎፈር ኖረውም አልኖረውም፣ በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አንበሶች ከ20 እስከ 25 ሺህ ብቻ እንደሆኑ ነው የሚገመተው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ስታዲየም የማይሞሉ ማለት ነው።

ስሜን ተራራ፣ ብሮንክስ

እኛ በዚህ ስንከራከር ሌላው ዓለም የት ደረሰ? ከሃገንቤክ በኋላ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአሜሪካዋ ሲያትል ነው። በ1979 እዚያ የተከፈተው የጎሪላዎች ቦታ እንስሳውን ብቻ ሳይሆን አገሩን ጭምር ለመሥራት ሞከረ። ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ መደበቂያ። ተመልካቹ እንደ ጌታ ከላይ ቆሞ አያይም፣ በጫካው ውስጥ እንደ እንግዳ ይገባል። ጎሪላው መታየት ካልፈለገ አይታይም። ሄዲገር በ1942 የጠየቀው መሸሸጊያ መጣ ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ የእኛንም ተራሮች ይዞ ሄዷል። ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ፣ ያ ኦታ ቤንጋ የታሰረበት ግቢ፣ በ1990 ለጭላዳ ዝንጀሮዎች የስሜን ተራራን የሚመስል ገደል ሠራ። የስዊዘርላንዱ ዙሪክ በ2006 የራሱን «ስሜን» ከፈተ። አዎ፣ በዚያው በእኛ የደቦሎች ዓመት። የካሊፎርኒያው ሳንዲያጎም በ2017 «የኢትዮጵያ ደጋ» የተባለ ቦታ ለጭላዳ ሰጠ። የሌላ አገር ልጅ የስሜንን ገደል በሠፈሩ ያያል። ከእኛ የከተማ ልጆች መሀል ደባርቅን ተሻግሮ ጭላዳን በአገሩ ያየ ስንቱ ነው?

ሌላም አቅጣጫ አለ፦ መተው። የዲትሮይት ከተማ በ2004 ዊንኪና ዋንዳ የተባሉ ሁለት ዝሆኖቹን የሚሺጋን ክረምትና ጠባብ ቦታ ለመገጣጠሚያቸው እንደማይስማማ ራሱ ወሰነ። በ2005 ካሊፎርኒያ ወደሚገኝ ሰፊ መጠለያ ላካቸው፣ ተመልካች የሚወደውን እንስሳ አሳልፎ ሰጠ። ቦነስ አይረስ በ2016 ከመቶ ዓመት በላይ የኖረውን ማሳያዋን ዘጋች፤ ሆኖም ሳንድራ የተባለችው ኦራንጉታን መጠለያ ያገኘችው በ2019፣ ማራ የተባለችው ዝሆን ደግሞ በ2020 ነው። ኮስታሪካም በ2013 የመንግሥት የእንስሳት ማሳያዎችን እዘጋለሁ አለች፣ የዘጋችው በ2024 ነው። መዝጋትም ቢሆን ቀለብ ይፈልጋል። «ይዘጋ» ብሎ መፈክር ማሰማት ቀላል ነው፣ በማግሥቱ ጠዋት አንበሳው ይርበዋል።

ተመልሶ ቤተ መንግሥት

በአገራችን ታሪኩ ክብ ሠርቶ መጥቷል። በጥቅምት 2019 በታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድነት ፓርክ ለሕዝብ ተከፈተ፣ ጥቁር ጎፈር አንበሶች የሚታዩበት የእንስሳት ክፍልም አለው። የምኒልክ ግቢ እንደገና አንበሳ አገኘ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አሁን ትኬት የገዛ ይገባል። ከስድስት ኪሎው የ1948 ክፍል ጋር ሲነጻጸር የዘመን ለውጥ ነው፣ መካድ አይቻልም።

በሌላ በኩል ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በሆለታ አቅጣጫ፣ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ያቋቋመው «እንስሳ ኮቴ» የሚባል ማዕከል አለ። ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተያዙ አቦሸማኔዎች፣ በየግለሰቡ ቤት ታስረው የኖሩ አንበሶች የሚያርፉበት ነው። ከቀደሙት ነዋሪዎቹ አንዱ ዶሎ የተባለ አንበሳ ነበር፣ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ዓመታት ያሳለፈ። እዚያ የመጣው ሊታይ አይደለም፣ ሊያርፍ ነው። በዚህ ማዕከል ተመልካች ሁለተኛ ነው፣ እንስሳው አንደኛ።

ሦስተኛው ቤት ደግሞ ማንም ያልሠራው ነው። በየካቲት 2016 ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራና በዱካ አረጋገጡ። ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ተደምሮ ከ100 እስከ 200 ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመቱ። የውጭ ጋዜጦች «ተገኙ» ብለው ጻፉ። የአካባቢው ሰው ግን ድሮም ያውቃቸዋል፣ ከብቱን የበሉበትን አንበሳ ማንም አይረሳም።

ሦስት ቤቶች ናቸው፦ የመታያ፣ የማረፊያ፣ የመኖሪያ። ሦስቱንም አንድ ላይ የሚያይ ዕቅድ ካለ፣ በከተማ አንበሳ ያየ ልጅ ከፍሎ የወጣው ብር ለአላጣሽ ጠባቂ ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ከተለያዩ ግን የከተማው አንበሳ እንደ ሳንቲሙ አንበሳ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እና አዲስ የእንስሳት ፓርክ ዕቅድ ሲወጣ፣ በትልቅ ባነር ላይ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ፏፏቴው ሲወርድ ስናይ፣ «ዋው!» ከማለታችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ እንላለን። የሥጋው በጀት ከትኬት ሌላ ከየት ይመጣል? ማን ከማን ጋር እንደሚዋለድ መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? አንበሳው ከዓይናችን የሚሸሸግበት ቦታ የት ነው? የሚተርፍ ደቦል ቢወለድስ የት ይሄዳል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለባለሙያ ብቻ የሚተዉ አይደሉም። በ2006 የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ መልሱን የሰጠው መርዝ ነው። ጋዜጠኛ ይጠይቅ፣ ተማሪ ይጠይቅ፣ ልጁን ይዞ የሚገባ አባት በር ላይ ትኬት ሲቆርጥ ይጠይቅ። አንበሳው እንደሆነ ማገሳት እንጂ መጠየቅ አይችልም።